እራት ሳትበላ የሄደች ልጅ

ሉዝ መሞቷን የሰማሁት የትምህርት ቤቱን ጂም ወለል እየወለወልኩ ሳለ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። አወጣሁት፤ ከእህቷ ልጅ ከጆይ ነው፣ ከፊሊፒንስ። «አንቲ አስቴር፣ አክስቴ ሉዝ ማክሰኞ ዕለት ዐረፈች። ልቧ ነው ብለውናል። ከአያቴ ጎን ቀበርናት።» ይኸው ነው። ሦስቴ አነበብኩት። ከዚያ እጄ፣ ማንም ሳያዘው፣ ተነሥቶ ግንባሬ ላይ ዐረፈ።

አብራኝ የምትሠራው አዲሷ ልጅ አየችኝና ማሽኑን አጠፋች። ሐበሻ ናት፤ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው። «ኧረ እትዬ አስቴር፣ ምነው? ማን ነው?»

«ድሮ አብራኝ ትሠራ የነበረች ሴት ናት።»

«ነፍስ ይማር» ብላ ማሽኑን መልሳ አስነሣችው። አልፈርድባትም፤ አብራኝ ትሠራ የነበረች ሴት ካልኳት ምን ትበል? ለራሴው እንኳ አነጋገሬ ቀለለብኝ። ሉዝ እንዲህ ተብላ የምታልፍ ሰው አልነበረችም። ደግሞም ከእሷ ጋር የተያያዘ፣ ለቸርች ሰዎች እንኳ አውጥቼ ያልተናገርኩት አንድ ጉድ አለብኝ። ዛሬ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ሉዝ አጭር ናት። እኔ ራሴ ረጅም የምባል አይደለሁም፤ እሷ ግን ትከሻዬ ላይ ነበር የምትቀረው። ወገቧ ላይ የሚንጠለጠለው የቁልፍ ጥቅል ከእሷ ቀድሞ ይሰማል፤ ኮሪደር ላይ የሚሯሯጡ ተማሪዎች ያ ቁልፍ ሲንሿሿ ከሰሙ ልክ ይገባሉ። አስተማሪ ቁልፍ ረስቶ ሲመጣ እየሳቀች ትከፍትለታለች። «እኔ መክፈት ያቃተኝ በር የኤርፖርቱ ብቻ ነው» ትል ነበር። ቀልዷን ዘግይቼ ነው የገባኝ።

ሥራ በጀመርኩ ቀን መጀመሪያ የጠየቀችኝ ዕድሜዬን ነው። ካናዳ ሰው ዕድሜ አይጠየቅም ተብዬ ስለነበር ግራ ገባኝ፤ ግን ነገርኳት። በሰባት ዓመት በለጠችኝ። «እንግዲያው አቴ በይኝ» አለችኝ። አቴ በእነሱ አገር ታላቅ እህት ማለት ነው፤ እኛ እትዬ እንደምንለው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ስንት ዓመት ሙሉ አለቃውንም ሽማግሌውንም በስሙ ብቻ እየጠራሁ ስሸማቀቅ ኖሬ፣ አንዲት አክብሪኝ የምትል ሰው አገኘሁ።

ነገር ስትጠቁም በጣቷ አይደለም፤ ከንፈሯን አሹላ ነው። ባልዲው የት ነው? ከንፈሯ ወደ ጥጉ። ፕሪንሲፓሉ መጣ እንዴ? ከንፈሯ ወደ በሩ። እኔ ደግሞ እንደማንኛውም ሐበሻ አዎ ለማለት ትንፋሼን ሳብ ነው የማደርገው። በመጀመሪያው ሳምንት «ብሬክ ወጣሽ?» ስትለኝ ትንፋሼን ስስብ «ምነው! ምን ሆንሽ!» ብላ መወልወያውን ወረወረችው። «አዎ ማለቴ ነው» አልኳት። «አዎ ለማለት ሰው ሊሞት ነው እንዴ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ከኮሪደሩ ማዶ ሆና ደረቷን ይዛ ትንፋሿን ትስብልኛለች፤ እኔም ከንፈሬን አሹልላታለሁ። ልጄ ማህሌት ያን ጊዜ እዚያው ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍል ነበረች። «ማሚ፣ ላይክ፣ ሰው እያያችሁ እኮ ነው» ትለኝ ነበር፤ የእናቷ ክሊነርነት ሳያንስ።

ብሬካችንን የምንወስደው ምድር ቤት ባለችው የዕቃ ክፍል ነው። መስኮት የላትም። በአንድ በኩል በረኪናና ሳሙና፣ በሌላ በኩል ቀን ከሌት የሚያጓራ ቦይለር። ሉዝ ባልዲ ደፍታ ትቀመጥና ከሽርጧ ኪስ ትንሽ አረንጓዴ ጠርሙስ ታወጣለች። አፍንጫ ሰንጥቆ የሚገባ ሽታ ያለው የመታሻ ዘይት ነው፤ እናቷ ናቸው ከአገር የሚልኩላት። በረኪና የበላውን እጇን ታሻለች፣ ከዚያ የእኔን ትቀበልና ታሻለች። ራሴን ሲያመኝ ግንባሬን ቀብታ «አሁን ይተውሻል» ትለኛለች። የሚገርመው ይተወኛል። ካልጋሪ፣ ቴምፕል ሰፈር ያለው ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ «ዛሬም የሉዝን ዘይት ተቀብተሻል» ይለኝ ነበር።

ዘይቱን ስታበቃ ስልኳን ታወጣለች። የኢሚግሬሽኑን ገጽ ከፍታ ታያለች። «ኢን ፕሮሰስ» ይላል፤ ገና እየታየ ነው ማለት ነው። ትዘጋዋለች። በየቀኑ፣ ያለ አንድ ቀን ዝንፈት።

ካናዳ የመጣችው ሰው ቤት ሕፃናት ልትጠብቅ ነበር። ውሏን ጨርሳ የመኖሪያ ወረቀት አመለከተች፤ ጠብቂ ተባለች። እስኪመጣ ድረስ መሥራት ትችላለች፣ ታክስ መክፈል ትችላለች፣ ዋይትሆርን የሚባል ሰፈር ቤዝመንት ተከራይታ መኖር ትችላለች። ከአገር ከወጣች ግን ተመልሳ መግባቷን ማንም አያረጋግጥላትም። ጠበቃው «ሪስኩ የራስሽ ነው» አላት። እንዴት ብላ ትወስደዋለች? የእናቷ መድኃኒት በእሷ ነው፣ ቤቱ የሚቆመው በእሷ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለች ዘጠኝ ዓመት እናቷን ሳታይ ቀረች።

ስትለያቸው መርፌ በክር ያስገቡ የነበሩት እናቷ ዓይናቸው ጠፋ። «ድሮ ስልኩን አይታ ከስተሻል ትለኝ ነበር» አለችኝ አንድ ቀን። «አሁን አታየኝም። የስልክ ድምፅ የማንም ሊሆን ይችላል፣ እጅሽን አምጪው ትለኛለች።» ይህን ብላ እጇን አየችው፤ ፊትም ጀርባም። እጸልይልሻለሁ አልኳት። «ጸልዪ፣ አንቺ ጮክ ብለሽ ነው የምትጸልዪው፣ ምናልባት ይሰማሻል» አለችኝ። እሷ ካቶሊክ ናት፣ እኔ ጴንጤ ነኝ፤ በዚህም ስንቀላለድ እንኖር ነበር።

እንግዲህ ትምህርት ቤቱ የክርስቲያን ነውና፣ ሚስተር ዳን የሚባል የመጽሐፍ ቅዱስ አስተማሪ አለ። ቀይ ጺም፣ ረጅም፣ ቅን ሰው ነው፤ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። በያመቱ በስፕሪንግ ብሬክ አሥራ አንደኛ ክፍሎችን ይዞ ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ውጭ አገር ይሄዳል። ማህሌት አሥራ አንደኛ በገባችበት ዓመት ፊሊፒንስ ብሎ ቆርጧል፤ የትኛው መንደር እንደሚሄድ ግን ገና አልወሰነም። ኮሪደሩ ላይ ካርታ ሰቀለ። ሉዝ ከካርታው ሥር ወለል ትወለውላለች።

«ሉዝ፣ አንቺ የዚያ አገር ሰው ነሽ። የት ብንሄድ ጥሩ ነው?» አላት።

መወልወያዋን አላስቀመጠችም። ከንፈሯን ወደ ካርታው አሾለች። ሚስተር ዳን የተሳለቀችበት መስሎት ቀላ። እኔ ግን አየኋት፤ የከንፈሯ ጫፍ የቆመው አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ከዚያ በአፏም ነገረችው፤ ባሕር ዳር ያለ መንደር ነው፣ ግድግዳው የተላላጠ የሕፃናት መዋያ አለው፣ የእህቷ ልጅ እዚያ ታስተምራለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ነገሩ አለቀ።

ዕቃ ክፍል ስንገባ «አንቺ ተንኮለኛ!» አልኳት። «ሃያ ሁለት ልጅ እናትሽ ቤት ልትልኪ ነው!»

«እናቴ ቤት አይደለም» አለች። «ከእናቴ ቤት ሦስተኛው በር ነው።»

ተንኮሏ ገና አላለቀም ነበር። ሚስተር ዳን ከልጆቹ ጋር የምትሄድ ሴት ወላጅ ሲፈልግ «አስቴር ትሄዳለች፣ ልጇም ትሄድ የለ» ብላ ለእኔ መለሰችልኝ። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት! ታች ስንወርድ ጮኽኩባት። ሥራዬስ? ቤቴስ? ሙቀት እንደማልችልስ አታውቅም?

«አንቺ ፓስፖርት አለሽ» አለችኝ።

ያ ሰማያዊ ደብተር መሳቢያ ውስጥ ከድሮ ሪሲቶች ጋር ተኝቶ ነው የከረመው፤ የት እንዳለ እንኳ ትዝ አላለኝም። እሄዳለሁ አልኳት።

ከዚያ ልምምድ ተጀመረ። በእነሱ አገር ትልቅ ሰው ቤት ስትገባ የሰውየውን እጅ ትቀበልና የእጁን ጀርባ ግንባርህ ላይ ታስነካለህ። ማኖ ይሉታል፤ ምርቃት መቀበያ ነው። ሉዝ ባልዲዋ ላይ እናቷን ሆና ትቀመጣለች፣ እኔ ከበር እገባለሁ። እጇን ስይዝ ግን አመሌ ነውና ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ልስም እሄዳለሁ። «አትሳሚ!» ትላለች። እንደገና እወጣለሁ፣ እገባለሁ፣ አሁን እጇን እስማለሁ። «አትሳሚ አልኩሽ! ግንባር!» ሆዳችን እስኪያመን ሳቅን። ሲሆንልኝ ግን መሳቋን አቆመች። እጇ ግንባሬ ላይ እንዳለ «እንደዚህ አድርጊላት» አለችኝ። «ምንም አትናገሪ። ይህን ብቻ። ከእኔ መላክሽን ጆይ ትነግራታለች።»

ሄድን። ስለ ጉዞው ብዙ አልልም። ልጆቹ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው በዚያ ሙቀት እንደ ቲማቲም ቀልተው፣ ዘፈን አስተማሩ፣ ኳስ ተጫወቱ፣ ማህሌት አንዲት ሕፃን ከጉያዋ አላወርድም ብላ ሰነበተች። የመዋያውን ግድግዳ ስንፍቅ ከሥሩ ቢጫ ቀለም ወጣ፤ ከቢጫው ሥር አረንጓዴ፤ ከአረንጓዴው ሥር ሮዝ። ጆይን ምንድን ነው ብላት እየተሽኮረመመች «በያመቱ እንግዶች እየመጡ ይቀቡታል» አለችኝ። ታዲያ ምን ልበል? እኔም ብሩሼን ነክሬ ሰማያዊ ቀባሁ።

የሚስተር ዳን ሕግ ጥብቅ ነው፤ ከቡድኑ የሚለይ የለም። የሉዝ እናት ቤት ሦስት በር አልፎ ይታየኛል፤ መሄድ ግን አልችልም። ለምኜ ለምኜ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ፈቀደልኝ። ሙቀቱ ራሴን ሊፈልጠው ደርሷል። ሉዝ የሰጠችኝን ዘይት ግንባሬ ላይ ለቅልቄ ከጆይ ጋር ተነሣሁ። በሩ ላይ ስንደርስ ከኋላችን ጩኸት ተሰማ፤ አንዱ ልጅ ከመሰላል ወድቋል። ጆይ «አንቺ ግቢ፣ መጣሁ» ብላ ሮጠች። ልጁ ደኅና ነበር፤ ክንዱን ተጫረ እንጂ።

ገባሁ። ከዚያ ፀሐይ ቤት ውስጥ ሲገቡ ጨለማ ነው። ሴትዮዋ መስኮቱ ሥር የቀርከሃ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ትንሽ፣ ቀጥ ያሉ፣ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ። ተንበረከክሁ። እጃቸውን ተቀብዬ ግንባሬ ላይ አደረግሁት። አልሳምኩም፣ አልተናገርኩም።

እጃቸው ቀጥ አለ። ከዚያ ጣታቸው ግንባሬን መዳሰስ ጀመረ፣ ቅንድቤን፣ ጉንጬን። እጃቸውን ወደ አፍንጫቸው ወስደው አሸተቱት። ራሳቸው ሲልኩት የኖሩት ዘይት ነው።

«ሉዝ?» አሉ።

ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልግም። እኔም አዎ ስል እንደማደርገው ትንፋሼን ሳብኩ። ደንግጬ ነው እያልኩ ራሴን ላታልል ብዙ ሞክሬያለሁ። አይደለም። እሳቸው ልጄ አለቀሰች ብለው ነው መሰለኝ ራሴን ጎትተው ደረታቸው ላይ አስተኙት፤ ያወሩ ጀመር። አንድም ቃል አልገባኝም። ሻሽ ያሰርኩበትን ራሴን እየዳሰሱ ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ እንደገና ያወራሉ።

ጆይ ተመልሳ መጣች። አሮጊቷ ወደ ድምፅዋ ዞረው በደስታ አንድ ነገር ነገሯት። ጆይ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ «ልንገራት?» አለችኝ።

ይኸው ጉዴ ይህ ነው። ጠይቃኛለች። አዎ ንገሪያቸው ብል በዚያው ያበቃ ነበር። ያንን ፊት ግን አይቼ እንዴት ልበል? ዘጠኝ ዓመት የጠበቁትን ልጅ በእጃቸው ይዘው፣ አይደለችም፣ የማያውቋት ሐበሻ ናት ልበላቸው? ራሴን ነቀነቅሁ። እምቢ አልኳት። ጆይም ተቀመጠች።

ሰዓቱ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ጉልበቴ ደንዝዟል፣ ላቤ ይንጠፈጠፋል፣ እጄ በሁለት እጃቸው ተይዟል። ውጭ አውቶቡሱ ጡሩንባ ነፋ። ደግሞ ነፋ። ሚስተር ዳን ስሜን ይጠራል። ብነሣ እጄን አለቀቁኝም። ያቺ አጥንት ብቻ የቀረች እጅ እንዴት ያለ ጉልበት እንዳላት! ጣታቸውን አንድ በአንድ እያላቀቅሁ፣ እያለቀስኩ ወጣሁ። ከኋላዬ አንዲት አጭር ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አልኳት ጆይን አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ።

ልትነግረኝ አልፈለገችም። ያዝኳት።

«"እራት ሳትበላ?" ነው ያለችው።»

እኔ ከየት አገር ነው የመጣሁት? እኛ ዘንድ መንገደኛ እንኳ እህል ሳይቀምስ ቢወጣ ቅር ይላል። የገዛ ልጅ፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መጥታ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ፣ ጉርሻ ሳትቀምስ እጇን መንጭቃ ስትሄድ ምን ይባላል? ካልጋሪ እስክንደርስ ይህን ሳብሰለስል መጣሁ። አውሮፕላኑ ውስጥ ልጆቹ የጉዟቸውን ፎቶ እየተቀባበሉ ይሳሳቃሉ። እኔ የምደርስበትን ሰዓት ነበር የምፈራው።

ሉዝ ዕቃ ክፍል በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አዲስ ሽርጥ አድርጋለች። «አደረግሽላት?» አለችኝ።

«አደረግሁላት።»

«ግንባርሽን? አልሳምሽም?»

«አልሳምኩም።»

«ከእኔ መላክሽን ነገራችኋት?»

ትንፋሼን ሳብኩ። ለእናቷ የሰጠኋትን ያችኑ ትንፋሽ ለእሷም ሰጠኋት። እሷ ደረቷን ይዛ እንደ ወትሮው ልታሾፍብኝ ጀመረችና መሐል ላይ ማልቀስ ጀመረች። በዚያ እሁድ ቸርች የጌታ እራት ነበር። ጽዋው ሲደርሰኝ፣ ውሸቴን ይዤ እንዴት ልጠጣ ብዬ፣ አጠገቤ ለተቀመጠችው አሳለፍኩት።

አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላም። ሰኞ ዕለት ሉዝ ባልዲዋ ላይ አልተቀመጠችም፤ ቆማ ጠበቀችኝ። «ትናንት እናቴ ጋ ደወልኩ» አለች። «ተቆጣችኝ። እንደ እንግዳ መጥተሽ እንደ እንግዳ ሄድሽ፣ ዓሣ እያስጠበስኩልሽ ነበር አለችኝ። አስቴር፣ እናቴ ቤት ማን ነው የሄደው?»

ሁሉንም ነገርኳት። ጆይ ጠይቃኝ እምቢ ማለቴንም ጭምር። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትጮህ ይቀለኝ ነበር።

«እኔስ ምን አልኳት መሰለሽ?» አለች። «ቸኩዬ ነው እማዬ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። ምን ልበላት? አልመጣሁም፣ አልነካሁሽም ልበላት?» መወልወያዋን አነሣችና «ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት አንድ ነገር ነበር፤ መምጣቴ። እሱን ወሰድሽብኝ» አለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ሕንፃውን ለሁለት ከፈለችው። እሷ ላይኛውን፣ እኔ ታችኛውን። ብሬኳን መኪና ማቆሚያው ጋ ቆማ በዚያ ብርድ ትወስዳለች። ስንተላለፍ ሰላም ትለኛለች፤ ጨዋ ናት። ከንፈሯን ግን አሹላልኝ አታውቅም። ባልዲው የት ነው ስላት «እዚያ» ትላለች፣ በጣቷ። በዚያች መስኮት በሌላት ክፍል ብቻዬን እየተቀመጥኩ ቦይለሩን ስሰማ ከረምኩ። ሥራ ልለቅ አሰብኩ፤ ለቅቄ የት ልሂድ? እሷም የትም አትሄድም፤ ወረቀቷ ያው «ኢን ፕሮሰስ» ነው። ማህሌት እንኳ «ማሚ፣ አቴ ሉዝን ምን አደረግሻት?» አለችኝ። ክረምቱ እንዲህ አለፈ፣ ትምህርት ተዘጋ፣ ተከፈተ።

ኦክቶበር ላይ፣ የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ሳምንት፣ እናቷ ዐረፉ። ሉዝ መሄድ አልቻለችም። ፕሪንሲፓሉ ቤትሽ ሁኚ ቢላት ሥራ መጣች። ቀብሩ እዚያ ጠዋት ነው፤ እዚህ ገና ያለፈው ቀን አመሻሽ ነው፣ ሥራ መሐል። ታችኛው ኮሪደር ላይ ስጠርግ የቁልፉን ድምፅ ሰማሁ። ፊት ለፊቴ ቆመች። ከንፈሯን ወደ ዕቃ ክፍሉ አሾለች። መጥረጊያዬን ጥዬ ተከተልኳት።

በሩን ዘጋች። ስልኳን በረኪናው መደርደሪያ ላይ አስደግፋ ሁለታችንም ባልዲ ላይ ተቀመጥን። ከላያችን ጂም ውስጥ ቮሊቦል ይለማመዳሉ፤ ኳሱ ጣሪያችንን ይደበድባል። ጆይ እዚያ ስልኩን ይዛ ትሄዳለች፣ ሳጥኑ፣ አበባው፣ ጥላ የያዙ ሴቶች። ሉዝ አላለቀሰችም። እጆቿን ጉልበቷ መሐል ሰክታ ስክሪኑ ውስጥ ልትገባ ደርሳለች። ኢንተርኔቱ ይቆማል፤ ሰዎቹ እንደተራመዱ ደርቀው ይቀራሉ። «አይዞሽ ይመለሳል» እላታለሁ። ይመለሳል።

ሳጥኑ አፈር ከለበሰ በኋላ አሮጊቶቹ አንድ በአንድ ወደ ስልኩ እየቀረቡ ያናግሯት ጀመር። የመጀመሪያዋ ስትናገር ሉዝ ቀና አለች። ሁለተኛዋም መጣች፣ ሦስተኛዋም። ሁሉም አንድ ነገር የሚሉ ይመስላል። ጨርሰው ስልኩ ሲዘጋ ጠየቅኋት።

«መምጣትሽ ጥሩ ሆነ ነው የሚሉኝ» አለች። «ለመንደሩ ሁሉ ስትናገር ነው የኖረችው። ልጄ መጣች፣ ግንባሯን ሰጠችኝ፣ ሥራ ስላለባት ቸኩላ ሄደች እያለች። እናታችሁ ሳታያችሁ ሞተች የሚባሉ ብዙ አሉ፤ አንቺ ግን መጥተሻል ይሉኛል።»

ከዚያ ባልዲዋን ወደ እኔ ጎተተች። «የት ጋ ነው?» አለችኝ።

ገባኝ። ግንባሬን አሳየኋት። እጇን አነሣችና እናቷ የነኩኝ ቦታ ላይ መዳፏን አሳረፈች። በረኪና የበላው ሻካራ እጅ ነው። ላነጋግራት ስል «ትንሽ ቆዪ» አለችኝ። ኳሱ ይደበድባል፣ ቦይለሩ ያጓራል፣ እጇ ግንባሬ ላይ ነው። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ እኔም አብሬያት።

«አልረሳሁልሽም» አለች ኋላ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ግን ቢያንስ መጥቻለሁ።» ከዚያ ተነሥታ ሽርጧን አራገፈች። «በይ ሂጂ፣ ጂሙ ሳይጠረግ እንዳይቆለፍ።»

ወረቀቷ የመጣው በዓመቱ፣ ስፕሪንግ ላይ ነው። ስልኳን ከፈተች፤ «አፕሩቭድ» ይላል፤ ተፈቅዶላታል። አልጮኸችም፣ አልዘለለችም። እኔ ነኝ እልል ብዬ ሕንፃውን ያናጋሁት። ኤርፖርት ያደረስናት እኔና ማህሌት ነን። የቁልፍ ጥቅሉን ወገቤ ላይ ራሷ አሰረችልኝ። ለአንድ ወር ነው የምሄደው አለች። በደረሰች ማግሥት ፎቶ ላከችልኝ፤ ያቺ መስኮት፣ ያ የቀርከሃ አግዳሚ፣ ሳሕን ላይ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ። ከሥሩ «እራቴን በላሁ» ብላ ጽፋለች። ወሩ ሁለት ዓመት ሆነ። አትመጪም ወይ ስላት «ቆይ፣ ገና አልጠገብኩም» ትለኝ ነበር። ከዚያ የጆይ መልእክት መጣ።

ትናንት ሚስተር ዳን ስብሰባ ጠርቶ ዘንድሮ ወደዚያው መንደር እንመለሳለን፣ ሴት ወላጅ እንፈልጋለን አለ። ማህሌት ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ወላጅ ለመባልም አልበቃም። ንግግሩን ሳይጨርስ እጄን አወጣሁ። ሁለት መቃብር ላይ ግንባሬን አስነካለሁ፤ ደንቡ ይፈቅድ እንደሆነ አላውቅም፣ አደርገዋለሁ።

ለጆይ ጻፍኩላት። ደስ ብሏት «አንቲ፣ ምን ላዘጋጅልሽ? የት ልውሰድሽ?» ብላ መለሰችልኝ።

እራት አልኳት። እዚያው ቤት፣ መስኮቱ ሥር፣ የተጠበሰ ዓሣ። አውቶቡሱ እስኪበቃው ጡሩንባውን ይንፋ፤ ጨርሼ ነው የምነሣው።